ያልቈጠርሁት ውርወራ

ባለፈው ዓመት በጸደይ ወራት አንድ እሑድ ማለዳ ለቅዳሴ ስንዘጋጅ፣ የ12 ዓመቱ ልጄ የሸሚዙን ቍልፍ በግራ እጁ ለመቈለፍ ሲታገል እናቱ አየችው። ልጁ ግን የሚሠራው በቀኙ ነው። «ክንድህን ምን ሆንህ?» ብትለው «ምንም አልሆንሁም» አለና ወደ እኔ ተመለከተ። ያ አመለካከቱ እስከ ዛሬ ከልቤ አልወጣም።

የምንኖረው በአሜሪካ አገር በቨርጂኒያ ነው። በዚያ ቤዝቦል የሚባለው ጨዋታ እጅግ የተወደደ ስለ ሆነ ልጄም ከእኩዮቹ ጋራ ገባበት፤ ኳሱን ለመቺው የሚወረውረው፣ እነርሱ ፒቸር የሚሉት፣ እርሱ ሆነ። እኔ በልጅነቴ ዝንጀሮ ከማሳ ሳባርር ቀኑን ሙሉ ወንጭፍ ስወነጭፍ የዋልሁ ነኝና፣ መወርወር ይጎዳል የሚለኝ ቢኖር በሳቅሁበት ነበር። ሰዎችም «ያንተ ልጅ ነውን?» እያሉ ሲጨብጡኝ ደረቴን እነፋ ነበር፤ ይህን አልሸሽግም።

ሐኪሚቱ ክርኑን ራጅ አስነሥታ ካየች በኋላ ነገሩን በትዕግሥት አስረዳችኝ። በማደግ ላይ ያለ ልጅ አጥንት በዳርና በዳሩ ገና ያልጠና፣ እንደ ቅርጥምጥሚት ያለ ለስላሳ ክፍል አለው፤ አጥንቱም የሚያድገው ከዚያ ነው። የክርኑ ውስጠኛ ጎን ጅማት የተያያዘው በዚሁ ደካማ ስፍራ ስለ ሆነ፣ ልጁ በሙሉ ኀይሉ በወረወረ ቍጥር ይሳባል። ሳያርፍ ሲደጋገም ስፍራው ይቈስላል፤ ሲብስም የአጥንቱ ጫፍ ተገንጥሎ ይለያል። አጥንቱ ከጠና በኋላ ደግሞ ጉዳቱ ወደ ጅማቱ ወደ ራሱ ይዛወራል። እ.ኤ.አ. በ1974 ፍራንክ ጆብ የተባሉ ሐኪም፣ ቶሚ ጆን ለተባለው የታወቀ ወርዋሪ የተበጠሰውን የክርን ጅማት ከሌላው ክንዱ በወሰዱት ጅማት ተኩለት፤ እርሱም በ1976 ወደ ጨዋታ ተመልሶ እስከ 1989 ወረወረ። አንዳንድ ወላጆች ይህን ሰምተው ቀዶ ሕክምናው ክንድን የሚያበረታ ይመስላቸዋል፤ የተበጠሰን መጠገኛ እንጂ ሌላ አይደለም።

ቀጥላም «በቀን ስንት ይወረውራል?» ብላ ጠየቀችኝ። አፌ ተያዘ። ሊትል ሊግ የተባለው የልጆች ማኅበር እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ውርወራ በቍጥር እንዲሆን ደንግጓል። የ11ና የ12 ዓመት ልጅ በቀን ከ85 አያልፍም፤ 66ና ከዚያ በላይ ከወረወረም አራት ቀን ያርፋል። ደንቡን ዐውቀው ነበር። ነገር ግን ልጄ በሁለት ቡድን ስለሚጫወት፣ ቅዳሜ ለአንዱ 70 ያህል ወርውሮ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለሁለተኛው ሲወረውር፣ እያንዳንዱ አሠልጣኝ የሚቈጥረው በፊቱ የተወረወረውን ብቻ ነው። ሁለቱን ለመደመር የሚችል እኔ ብቻ ነበርሁ። የሁለተኛው አሠልጣኝ «ትናንት ወርውሮ ነበርን?» ቢለኝ «ጥቂት» አልሁት። አንባቢ ይፍረድ፤ ይህን ያልሁት አስቀድሼ በወጣሁ በሁለት ሰዓት ውስጥ ነው። ስለ ዳዊት ወንጭፍ ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ፤ አምስት ድንጋይ መርጦ የወነጨፈው አንዱን ብቻ መሆኑ ግን ያን ጊዜ ትዝ አላለኝም።

ስንመለስ ሕመሙ መቼ እንደ ጀመረው በመኪና ውስጥ ጠየቅሁት። ስድስት ሳምንት ሆኖት ነበር። «ስለ ምን አልነገርኸኝም?» ብለው፣ «ስወረውር ስታየኝ ደስ ይልህ ነበር፣ አባዬ» አለኝ።

ሐኪሚቱ በዓመት ቢያንስ አራት ወር ከውርወራ እንዲያርፍ፣ ለሁለት ቡድን በአንድ ወቅት እንዳይወረውር፣ በተለይም ክንዱ ደክሞት ሳለ ከቶ እንዳይወረውር አዘዘች። እኔም በኪሴ ትንሽ ደብተር መያዝ ጀመርሁ። ባለፈው ቅዳሜ 31 ብዬ ስጽፍ፣ ልጁ ወደ ተቀመጥሁበት ተመልክቶ እጁን በክርኑ ላይ አኖረ፤ ሳልጠራውም ለአሠልጣኙ ነግሮ ወጣ። ቡድኑ ተሸነፈ። በመንገድ ላይ ስለ ሽንፈቱ ጥቂት አለቀሰና እንቅልፍ ወሰደው።