ሐምሌ 6፤ ከዌምብሌይ እስከ መሐል ሜዳ

በክረምት ወደ መንዝ የሚሄድ ሰው ወይ ለቅሶ አለበት ወይ በግ ሊገዛ ነው። እኔ ለሁለቱም አልነበርኩም። ከደብረ ብርሃን የተነሣው ሚኒባስ ጣርማ በር ላይ፣ ዋሻው አፍ ሳይደርስ፣ ወደ ግራ ታጥፎ በጉሙ ውስጥ መንፏቀቅ ሲጀምር፣ አጠገቤ የተቀመጡት በርኖስ የለበሱ ሽማግሌ «ለምን ጉዳይ ነው ልጄ?» አሉኝ። «ለሐምሌ 6» አልኳቸው። ጥቂት አሰቡና «ሥላሴ እኮ ሰባት ነው» አሉ።

ሽማግሌው ሳያውቁት የጉዞዬን ፍሬ ነገር ገና በመንገድ ላይ አስጨበጡኝ። እስከዚያ ሰዓት ድረስ በልቤ የያዝኩት የፈረንጆቹን ሐምሌ 6 ነበር።

ፈረንጆቹ የዘፈን ታሪካቸውን በየቀኑ ሸንሽነው መዝግበዋል። የቱ ዘፋኝ መቼ እንደተወለደ፣ የቱ ሸክላ መቼ እንደወጣ ቀን ቆርጠው ይነግሩሃል። በእነሱ ጁላይ 13 ሥር ግን አንድ ነገር ሌላውን ሁሉ ውጦታል፤ እሱም በ1985 ለኢትዮጵያ ረሃብተኞች የተካሄደው የላይቭ ኤይድ ኮንሰርት ነው። ብራዚሎችማ ቀኑን የሮክ ቀን ብለው ያከብሩታል። በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ነበር። ሰባ ሰባት! ይህን ቁጥር ሰሜን ሸዋ ውስጥ ስትጠራ ትልልቆቹ ወሬ ያቆማሉ።

ነገሩ የተጀመረው ከዚያ ዘጠኝ ወር ቀደም ብሎ ነው። ጥቅምት 13 ቀን የቢቢሲው ማይክል በርክና ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚን ከኮረም ያመጡት ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታየ። አየርላንዳዊው ዘፋኝ ቦብ ጌልዶፍ ያን አይቶ ከሚጅ ዩር ጋር ዘፈን ጻፈ፤ ኅዳር 16 ቀን የእንግሊዝን ዝነኞች ለንደን ውስጥ አንድ ስቱዲዮ ሰብስቦ በአንድ ቀን አስቀረጸው። ጥር 20 ደግሞ ሎስ አንጀለስ ውስጥ እነ ማይክል ጃክሰን ተራቸውን ወሰዱ። የእንግሊዞቹ ዘፈን በርዕሱ የሚጠይቀው እነዚያ ሰዎች ገና መሆኑን ያውቁ ይሆን ብሎ ነው። ገናን ከሺህ ስድስት መቶ ዓመት በላይ ሲያከብር ለኖረ ሕዝብ የቀረበ ጥያቄ መሆኑ ሁልጊዜ ያስቀኛል። ቢሆንም ገንዘቡ እህል ገዝቷል፤ በተበላ እህል ላይ ብዙ አልቀልድም።

ከዚያ ሐምሌ 6 መጣ። ዌምብሌይ ስታዲየም ውስጥ 72 ሺህ ሰው፣ ፊላደልፊያ ውስጥ 90 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ፣ በሳተላይት ደግሞ ከመቶ በላይ አገሮች። ፊል ኮሊንስ ለንደን ላይ ዘፍኖ በኮንኮርድ አውሮፕላን አትላንቲክን ተሻግሮ ፊላደልፊያ ላይ ደገመው። ዴቪድ ቦዊ ከዘፈኖቹ አንዱን ትቶ በዚያ ፈንታ የካናዳ ቴሌቪዥን የቀረጸው የረሃቡ ፊልም እንዲታይ አደረገ። የኩዊን ባንድ አባላት መድረክ ላይ የቆዩት 21 ደቂቃ ብቻ ነው፤ እስከ ዛሬ የሚወራው ግን ስለዚያች 21 ደቂቃ ነው። ያ ሁሉ ድግስ 16 ሰዓት ፈጀ።

ሚኒባሱ ውስጥ ስልኬን አውጥቼ ሰዓቱን ወደ እኛው መለስኩት። ለንደን እኩለ ቀን ላይ ሲጀመር መንዝ ከቀኑ 8 ሰዓት ነበር። ኩዊኖች መድረክ ሲወጡ ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል አልፏል። ፊላደልፊያ ላይ መብራቱ ሲጠፋ እዚህ እሑድ ሊነጋ 12 ሰዓት ሆኗል፤ ሐምሌ 7፣ ሥላሴ! ስለዚህ ዓለም ለእኛ ሲዘፍን ባደረባት በዚያች ሌሊት፣ የሥላሴ ታቦት ባለበት ደብር ሁሉ ደብተራዎቹ ማኅሌት ላይ ነበሩ ማለት ነው። ዋዜማው ከሰዓት በኋላ፣ ማኅሌቱ ሌሊት፣ ቅዳሴው ንጋት ላይ። ሁለቱ ዜማዎች ሳይሰማሙ ጎን ለጎን አድረዋል። የሐዋርያት ጾም የሚፈታው ሐምሌ 5 ነው፤ የዚያን ዓመት ግን ዓርብ ላይ ስለዋለ ለፍስኩ እስከ ቅዳሜ ድረስ መጠበቅ ነበረባቸው። ጾም የተፈታበት፣ የሚፈታበት ነገር ግን የጠፋበት ቅዳሜ።

መሐል ሜዳ የደረስነው በዝናብ ነው። ከተማዋ ስሟን አላሳፈረችም፤ ሜዳ ናት፣ ነፋሱ ከየትም ይገባል። በነጋታው ማልጄ ወደ ጓሳ ወጣሁ። ጓሳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3200 ሜትር ከፍ ያለ፣ ወደ 100 ስኩዌር ኪሎ ሜትር የሚሰፋ የሣር አገር ነው። የመንዝ ሰው ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ እስከ 1967ቱ የመሬት አዋጅ ድረስ ቄሮ በሚባል ሥርዓት እየዘጋና እየከፈተ ጠብቆት ኖሯል፤ ተቋም ሳይመጣ፣ አጥር ሳይታጠር። ሣሩ ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል። ቀይ ቀበሮ አያለሁ ብዬ ነበር፤ ጉሙ አስር እርምጃ አላሳይ አለ። ጭላዳዎቹን ግን ሣር ሲነጩ ሰማኋቸው፤ አዎ፣ ሰማኋቸው፤ አነጫጫቸው ጥር ጥር የሚል ድምፅ አለው።

ከዚያው ጉም ውስጥ ዋሽንት መጣ።

እረኛው ገሳ ደርቦ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል፤ ዕድሜው አሥራ ሦስት ቢሆን ነው። ዋሽንቱ ሸምበቆ አይደለም፤ የኤሌክትሪክ ገመድ የሚያልፍበት ነጭ የፕላስቲክ ቱቦ ነው። አራቱን ቀዳዳ በጋለ ሚስማር ነው የበሳሁት አለኝ፤ የቀዳዳዎቹ ጠርዝ ጠቁሮ ይታያል። ከመንፋቱ በፊት ጣቶቹን ብብቱ ውስጥ አስገብቶ አሞቃቸው፤ አለዚያ እሺ አይሉም። የነፋው ትዝታ ነው፤ ግን ከተማ እንደምንሰማው የተስተካከለ ትዝታ አይደለም። ከላይኛው ድምፅ ላይ ትንሽ ይንጠለጠልና እንደ መውደቅ ብሎ ይወርዳል፤ ትንፋሹ ሲያልቅበት ዜማውም እዚያው ይቆረጣል፣ በጎቹን በፉጨት ይመልስና ከተቆረጠበት ይቀጥላል። ስቱዲዮ ውስጥ ቢሆን ስህተት ተብሎ የሚቆረጠው ፉጨት እዚህ የዘፈኑ አካል ነው። ከማን ተማርክ ስለው «ከማንም፣ ከጋሼ» አለኝ። ጋሼ ታላቅ ወንድሙ ነው።

እውነቱን ለመናገር በመንዝ ፍቅር የወደቅኩት እዚያ ድንጋይ ላይ ነው። ጫማዬ ውሃ ጠጥቷል፣ ጆሮዬ ደንዝዟል፣ መነሣት ግን አልቻልኩም።

የሐምሌ 6 ሌሊት ከመሐል ሜዳ ወጣ ብሎ ባለ አንድ ደብር ማኅሌት ቆምኩ፤ ቆምኩ ስል ግድግዳ ተደግፌ ነው። በላያችን ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ይወቅጣል። ሊቃውንቱ በሁለት ወገን ተሰልፈው በቁም ዜማ ጀመሩ፤ ቀስ፣ እጅግ ቀስ ብሎ፣ ልጆቹን እንቅልፍ እስኪወስዳቸው። ከዚያ ዝማሜው መጣ፤ መቋሚያዎቹ አንድ ላይ ወደ ግራ ወደ ቀኝ ዘመም ይላሉ። ወደ መረግድ ሲሻገሩ ከበሮው ገባ። ጽፋቱ ላይ ሲደርሱ ጭብጨባው ዝናቡን አስረሳን፤ ጸናጽሉ፣ ከበሮው፣ እልልታው አንድ ሆነ። ብዙ የከተማ ኮንሰርት አይቻለሁ። ሕዝብን ከዝግታ አንሥቶ እንዲህ ቀስ በቀስ የሚያግል መድረክ አላየሁም፤ እነዚህ ሰዎች ግን ከአያት ቅድመ አያት ጀምሮ በየበዓሉ ሌሊት ይሠሩታል።

ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላም ውስጥ ጠላ ሲቀዳ አንድ አረጋዊ መሪጌታ አጠገብ ተቀመጥኩ። በሰባ ሰባት ጎልማሳ ነበሩ። የዚያ ዓመት ሥላሴ እንዴት እንደነበር ጠየቅኳቸው። «ቆመናል። ጉልበት ያለው ቆመ፣ የሌለው መቋሚያውን ተደግፎ ቆመ። ጠበል ጠዲቅ ብቻ አልነበረም» አሉና ወደ ጽዋቸው ተመለሱ።

ስልኬ ውስጥ የዌምብሌዩን ፊልም ይዤ ነበር። ማሳየቱ ደግ ይሁን አይሁን አመነታሁና ነገርኳቸው፤ «እስቲ አሳየኝ» አሉ። የኩዊኑ ዘፋኝ ፍሬዲ መርኩሪ ባዶ ድምፅ፣ ቃል የሌለው ዜማ እየወረወረ 72 ሺህ ሕዝብ የሚመልስለትን ቦታ ከፈትኩላቸው። ስልኩን ከዓይናቸው አራቅ አድርገው፣ አገጫቸውን ነቅነቅ እያደረጉ ጨረሱት። «ይደገም» አሉ። ደገምኩት። «መሪው ደህና ነው» አሉ በመጨረሻ፣ «ተቀባዩ ግን ይበልጣል። ይህን ሁሉ ሰው ማን አስጠናው?» ስለዚያ ኮንሰርት ብዙ የተጻፈ አንብቤያለሁ፤ እንዲህ በአንድ አፍ የፈታው አላጋጠመኝም። የጌልዶፍ ድግስ ጉልበቱ ተቀባዩ ነበር። «ለማን ነው የሚዘፍኑት?» አሉኝ ቀጥለው። «ለእኛ፣ በሰባ ሰባት» አልኳቸው። ፊታቸው ላይ ቅሬታም ደስታም አላየሁም። «ከእኛ ማን ሄዶ ነበር?» ብለው ብቻ ጠየቁ።

ማንም። ለንደንም ፊላደልፊያም መድረክ ላይ ኢትዮጵያዊ ድምጻዊ አልነበረም። እኛ የነበርነው በስክሪኑ ላይ ነው፣ ዝምተኞች ሆነን። መልሱ የሄደው ዘግይቶ ነው፤ በ1980 ዓ.ም. «ሕዝብ ለሕዝብ» በሚል ስም ድምጻውያን፣ ተወዛዋዦችና ማሲንቆ መቺዎች አውሮፓንና ሰሜን አሜሪካን ዞረው ለእርዳታው ምስጋና አቅርበዋል። በእኔ ግምት ያ ጉዞ ከላይቭ ኤይድ እኩል ሊወራለት የሚገባ ነው፤ በዓለም የዘፈን ቀን መቁጠሪያ ላይ ግን ቦታ የለውም።

ቀጣዩ ጉዞዬ ወደ መርሐቤቴ ነበር። ከመንዝ መርሐቤቴ በዓይን ቅርብ ነው፤ በመሐል ያለው ገደል ግን ቅርብነቱን ይበላዋል። እኔም ወደ አዲስ አበባ ተመልሼ በሙከጡሪና በለሚ በኩል ዞርኩ። ከለሚ በኋላ መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ጀማ ሸለቆ ሲወርድ ጋቢህን ታወልቃለህ፣ ከዚያ ሹራብህን። ጀማ በሐምሌ ቡናማ ሆኖ፣ ግንድ ተሸክሞ ወደ ዓባይ ይነጉዳል። የእነ ጌልዶፍ ዘፈን አፍሪካን ወንዝ የማይፈስባት አድርጎ ይስላታል፤ ግጥሙን የጻፉት ሰዎች በክረምት እዚህ ድልድይ ላይ ቢቆሙ ኖሮ እላለሁ።

የመርሐቤቴዋ ዓለም ከተማ ውስጥ ሌላ የቴሌቪዥን ምሽት ተቀብሮ አገኘሁ። ጀርመንኛ ተናጋሪው ተዋናይ ካርልሃይንዝ በም ግንቦት 8 ቀን 1973 ዓ.ም. በአንድ የውርርድ ፕሮግራም ላይ ቀርቦ፣ ከሦስት ተመልካች አንዱ እንኳ አንድ ማርክ ለአፍሪካ አይሰጥም ሲል ተወራረደ። ውርርዱን አልተሸነፈም፤ ሆኖም ከአንድ ሚሊዮን ማርክ በላይ ተሰበሰበና ብሩን ይዞ ወደ ኢትዮጵያ መጣ። «ሰዎች ለሰዎች» የተባለው ድርጅቱ ኋላ መርሐቤቴ ገብቶ ትምህርት ቤቶችና የዓለም ከተማን እናት ሆስፒታል ሠርቷል። የበም አባት ካርል በም ደግሞ ስመ ጥር የኦርኬስትራ መሪ ነበር። የቪየና ዜማ ቤት ልጅ ጀማ ዳር ሆስፒታል ማሠራቱ፣ ማንም የሙዚቃ ታሪክ ጸሐፊ የማይመዘግበው ነገር ነው።

ማታ ጠጅ ቤት ገባሁ። ቤቱ ጠባብ፣ ጭሳም፣ ሞቃት ነው፤ ከመንዝ ብርድ በኋላ ገነት። አዝማሪው ቀጭን፣ ዓይኑ የማያርፍ ሰው ነው። ማሲንቆውን እየቃኘ፣ ጭራው ላይ እጣን እያሸ ገባ ወጣውን ይመዝናል። እንግዳ መሆኔን ሲያይ «ጋሼ፣ ግጥም ይስጡኝ!» አለ። ግጥም የለኝም፣ ወሬ ግን አለኝ አልኩትና የለንደኑን ነገር ባጭሩ ነገርኩት፤ 72 ሺሁን ሰው፣ ሰባ ሰባትን፣ ከእኛ ማንም አለመጠራቱን። ራሱን ነቀነቀ። ወደ ሌሎቹ ዞሮ አንዱን ነጋዴ በበቅሎው፣ ሌላውን በቦርጩ ሲያወድስ ቆየ። የረሳኝ መስሎኝ ነበር። ድንገት ክሩን አጥብቆ መጣና አፍንጫዬ ሥር ቆመ፦

«ለንደን ላይ ሲዘፈን የኔ ሆድ ሲወሳ፣
ማን ጠራኝ ከቤቴ ማሲንቆ እንዳነሳ!»

ቤቱ ተናጋ። «ድገመው!» አሉ፤ ደገመው። ሦስተኛው ላይ መጀመሪያውን እሱ እያለ መጨረሻውን ቤቱ በሙሉ ተቀበለው፤ ባለቦርጩ ሰውዬ ጠረጴዛ እየመታ። መቶ ብር ግንባሩ ላይ ለጠፍኩ። አዝማሪው ብሩን ሳይነካ፣ ማሲንቆውን ሳያቆም፣ «ይሄ የእኔ ነው» አለኝ፣ «የተቀባዮቹስ?» ለቤቱ ጠጅ አዘዝኩ።