ጣርማ በር ላይ 4.11 ምን ይሠራል?

ከደብረ ብርሃን ተነስቶ ወደ ደሴ የሚሄድ የጭነት መኪና ጣርማ በር እስኪደርስ ብዙም አይፈተንም። ሜዳው ሰፊ ነው፤ የገብስ ማሳውና የበጉ መንጋ ግራና ቀኝ ይታያል፤ የሚያስቸግረው ብርዱና ጉሙ ነው። ከዋሻው ወዲያ ግን መሬቱ ይከዳል። ጣሊያን በወረራው ዘመን የፈለፈለው የጣርማ በር ዋሻ ከ3000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ይገኛል፤ ሸዋ ሮቢት ደግሞ 1280 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ሃምሳ ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ፣ የደብረ ሲናን ቆሎ ሻጮች አልፎ፣ 1800 ሜትር ያህል ይወረዳል።

ኮሎራዶ ውስጥ ይህን መንገድ የሚያስታውስ ቦታ አለ። በዴንቨርና በጎረቤቷ ኦሮራ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ። ከዴንቨር ወደ ምዕራብ የሚሄደው ኢንተርስቴት 70 የተባለው አውራ ጎዳና ከ1600 ሜትር ተነስቶ አይዘንሃወር ዋሻ ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ1973 የተከፈተው ይህ ዋሻ 3400 ሜትር ላይ ነው። ከዋሻው ወዲያ እንደ ጣርማ በር ሁሉ ረጅም ቁልቁለት ይጠብቃል፤ በመንገዱ ዳርም ፍሬኑ እምቢ ያለው መኪና ገብቶ የሚቆምበት፣ ጠጠር የተነጠፈበት መውጫ ተሠርቷል። ብርዱ፣ የአየሩ መሳሳት፣ ዋሻው፣ ቁልቁለቱ ሁሉ የሰሜን ሸዋን ልጅ አገሩን ያሳስቡታል። የሚለየው መኪና ሲገዛ የሚጠየቀው ጥያቄ ነው።

እዚያ ጭነት የሚጎትት ፒክአፕ የሚገዛ ሰው የሞተሩን ጉልበት ጠይቆ አያበቃም። «የኋላው ሬሾ ስንት ነው?» ይላል። ፎርድ ኤፍ-150ን ብንወስድ በ3.31፣ በ3.55 ወይም በ3.73 የቀረበ መኪና ነው። ሞተሩ ያው ሆኖ ይህ ቁጥር ብቻ ሲቀየር ፋብሪካው እንዲጎትት የሚፈቅደው ክብደት ይለወጣል። ቁጥሩን የሚያመለክተው ኮድ በሾፌሩ በር በኩል በተለጠፈው ምልክት ላይ ተጽፏል። አገር ቤት ግን ገዢ ኮፈኑን ከፍቶ ሞተሩን ያዳምጣል፣ የሻንሲ ቁጥሩን ያመሳክራል፣ ጎማውን በእግሩ መታ ያደርጋል፣ ሊብሬውን ያገላብጣል። ዲፈረንሻሉ ውስጥ ስላለው ቁጥር የሚጠይቅ ጥቂት ነው። የሚያሳዝነው፣ ጥያቄው ይበልጥ የሚያስፈልገው እዚሁ መሆኑ ነው።

ነገሩ ቀላል ነው። ከካምቢዮ ወደ ኋላ የሚመጣው ረጅም ዘንግ የሚያዞራት ፒኞን የምትባል ትንሽ ባለጥርስ አለች። እሷ ኮሮና የተባለውን ትልቁን ታዞራለች፤ ኮሮናው ጎማዎቹን ያዞራል። ፒኞኗ 9፣ ኮሮናው 37 ጥርስ ካላቸው ሬሾው 4.11 ነው፤ ጎማው አንዴ ሲዞር ዘንጉ ከአራት ጊዜ በላይ ይዞራል። ፒኞኗ 10 ጥርስ ከሆነች 3.70 ይሆናል። ቁጥሩ ከፍ ሲል መኪናው ጉልበት አግኝቶ ፍጥነት ያጣል፤ ዝቅ ሲል ፍጥነት አግኝቶ ጉልበት ያጣል። ቶዮታ ለአሜሪካ ገበያ ይልክ የነበረው ላንድክሩዘር ኤፍጄ60 በ3.70 ነበር የሚመጣው፤ ተከታዩ ኤፍጄ62 በ4.11 መጣ። ወረቀት ላይ ልዩነቱ ኢምንት ይመስላል፤ መሬት ላይ ግን በየማርሹ 11 በመቶ ተጨማሪ የመጎተት ጉልበት ነው።

የአንኮበር ሰው ይህን ስሌት ከመኪና በፊት ያውቀዋል። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ከአፋር ቆላ ጨው ጭኖ የሚመጣው ግመል ከዳገቱ ግርጌ፣ በአልዩ አምባ ገበያ በኩል፣ ጉዞውን ያበቃ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1841 ወደ ንጉሡ የተላከው የእንግሊዝ መልእክተኛ ካፒቴን ሃሪስም የመጣው በዚሁ አቅጣጫ ነው። ወደ አንኮበር የሚያወጣውን ዳገት የቆላ ግመል አይደፍረውም፤ ጭነቱ የሚወጣው በበቅሎ፣ በአህያና በሰው ጫንቃ ነበር። ለሜዳው ግመል፣ ለዳገቱ በቅሎ።

ከውጭ የገባው ያገለገለ መኪና ግን ሬሾው የተመረጠለት ለሌላ አገር መንገድና ለሌላ አገር አየር ነው። አየሩ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ ከፍታ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። 2800 ሜትር አልፋ በተቀመጠችው ደብረ ብርሃን ላይ አንድ አራተኛው ገደማ ሄዷል ማለት ነው፤ በወረቀት መቶ የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር እዚያ 75 ይሆናል። ቱርቦ ያለው የተሻለ ይቋቋማል። በዚህ ላይ ለጭቃው ብሎ ወይም ለግርማ ሞገሱ ትልቅ ጎማ የሚያስገባ አለ። ከ31 ኢንች ወደ 35 ኢንች ጎማ የተሸጋገረ መኪና 4.11 የነበረው ሬሾው 3.64 የሆነ ያህል ይቆጠራል። አሜሪካ ውስጥ ጎማ የሚያሳድጉ የቶዮታ ታኮማ ባለቤቶች አብረው ከ3.91 ወደ 4.88 የሚቀይሩት ለዚህ ነው። አገር ቤት ጎማው ይቀየርና ሹፌሩ «መኪናው ደከመብኝ» ብሎ ኖዝልና ፓምፕ ያስፈትሻል።

ሬሾ መጨመር ዋጋም ያስከፍላል። 31 ኢንች ጎማ ያለው መኪና አንድ ለአንድ በሆነው አራተኛ ማርሽ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲሄድ፣ በ3.70 ሞተሩ በደቂቃ 2500 ጊዜ ያህል ይዞራል፤ በ4.11 2770፣ በ4.88 ደግሞ 3290። በጫጫና በሸኖ አድርጎ አዲስ አበባ የሚመላለስ ሰው ይህን በጆሮውም በኪሱም ያውቀዋል፤ ሞተሩ ይጮሃል፣ ነዳጁም ይጨምራል። ከደብረ ብርሃን አንኮበር፣ ከአንኮበር አልዩ አምባ ለሚመላለስ ግን 100 የሚባል ፍጥነት የለም። ስለዚህ «ጥሩ ሬሾ» ተብሎ የሚነገር አንድ ቁጥር የለም፤ መኪናው የሚውልበት መንገድ ነው የሚወስነው።

ሰው ስለ ሬሾ ሲያወራ ስለ አቀበት ያወራል። ነፍስ የሚያስጠፋው ግን ቁልቁለቱ ነው። ባለ 10 ቶን መኪና ከጣርማ በር ሸዋ ሮቢት ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት በሙሉ ወደ ሙቀት ቢቀየር 500 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። ያ ሙቀት አንድ ቦታ መሄድ አለበት። ሞተሩ በከባድ ማርሽ ከያዘው ብዙው በሞተሩ በኩል ይወጣል፤ ካልያዘው ሁሉም ፍሬኑ ላይ ያርፋል፤ የጋለ ፍሬን ደግሞ አይዝም። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ በዜሮ ማርሽ መውረድ አደገኛ የሆነው ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የማይነሳ ነገር አለ። ሹፌሩ ጥንቃቄ አላጣ ይሆናል፤ ማርሹ ነው የማይመቸው። በሁለተኛ ሲወርድ መኪናው ከመጠን በላይ ይንቀራፈፋል፣ ከኋላው ሰልፍ ይበዛል፤ በሦስተኛ ሲያደርገው ሞተሩ አይዘውም፣ ፍሬን ይረገጣል፣ ይለቀቃል፣ እንደገና ይረገጣል። ሬሾው ከፍ ሲል ሁሉም ማርሽ አብሮ ይከብዳል፤ ያ የማይዝ የነበረው ሦስተኛ መያዝ ይጀምራል። ሲኖትራክ ሃዎን በመሰሉ ከባድ መኪኖች ከ4.42 እስከ 5.73 ድረስ የተለያዩ የኋላ ሬሾዎች የሚቀርቡት ያለ ምክንያት አይደለም። ለረጅም ሜዳ ታስቦ የታዘዘውን ይዞ ጣርማ በር ላይ መዋል በቁጥሩ ልክ ፍሬን ላይ መደገፍ ነው።

ሥራውስ እንዴት ይሠራል? ባህር ማዶ አዲስ ኮሮናና ፒኞን ከነኩሽኔታው በካርቶን ይመጣል። መካኒኩ ጥርሶቹን ቢጫ ቅባት ይቀባና ያዞራቸዋል፤ ቅባቱ የተላጠበት ቦታ ጥርሱ የት ጋ እንደሚነካካ ያሳየዋል። በሁለቱ መካከል የሚተወው ክፍተት ከ0.15 እስከ 0.25 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ በሰዓት ቅርጽ ባለው መለኪያ እየለካ፣ ስስ የብረት ቀለበት እየጨመረና እየቀነሰ ያስተካክለዋል። ከዚያም ባለቤቱ የመጀመሪያዎቹን 800 ኪሎ ሜትር ሳይጭን፣ እያሳረፈ ነድቶ ዘይቱን እንዲቀይር ይነገረዋል። አገር ቤት ደግሞ ሙሉ ዲፈረንሻል ከመርካቶ ሶማሌ ተራ ተገዝቶ እንዳለ ይገጠማል። ይህ የድህነት ዘዴ ተደርጎ ሊናቅ አይገባም። ኮሮናና ፒኞን አብረው ተፈትገው የተላመዱ ጥንዶች ናቸው፤ ሳይነጣጠሉ እንዳሉ መግባታቸው መለኪያ በሌለበት ጋራዥ ከሁሉ የሚሻል መንገድ ነው። ጉድለቱ ቁጥሩ ሳይታይ መገዛቱ ላይ ነው።

ይህ ጉድለት ባለ አራት ጎማ ጎታች መኪና ላይ ይከፋል። የኋላው 4.11፣ የፊቱ 3.70 ሆኖ የቀረ መኪና በደረቅ አስፋልት በኋላ ጎማ ብቻ ሲነዳ ምንም አይመስልም። ጭቃ ላይ የፊቱ ሲጨመር ግን ሁለቱ አክስሎች በተለያየ ፍጥነት ለመዞር ይታገላሉ፤ ጎማው ይፋተጋል፣ በመካከላቸው ያለው ማርሽ ሊሰበር ይችላል። ፍጥነቱን ከካምቢዮ የሚያነብ አሮጌ መኪና ደግሞ ሬሾው ሲጨምር ከእውነተኛው ፍጥነት አብልጦ ያሳያል።

መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2024 የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ እየበዛ የመጣው የኤሌክትሪክ መኪና ይህን ጣጣ በአብዛኛው ይገላገላል። አንድ ሬሾ ብቻ ነው ያለው፤ ኒሳን ሊፍ 8.19 ነው። ሞተሩ አየር አይተነፍስምና ከፍታው አያደክመውም፤ ሲወርድም ሙቀት ሊሆን ከነበረው ጉልበት ብዙውን ወደ ባትሪው ይመልሳል። የጭነቱ መኪና ግን ገና ለረጅም ዘመን በናፍጣና በኮሮና ነው የሚሄደው።

ለወንድሙ መኪና ለሚገዛ የኦሮራ ነዋሪም ሆነ ሶማሌ ተራ ለቆመ የደብረ ብርሃን ሹፌር ቁጥሩን ማወቅ የሩብ ሰዓት ሥራ ነው። ካምቢዮው ዜሮ ላይ ይደረጋል፤ መሬት የነኩት ጎማዎች በድንጋይ ይታገዳሉ፤ ከኋላ አንዱ ጎማ ብቻ በክሪክ ይነሳል። ጎማውና ዘንጉ ላይ በጠመኔ መስመር ይሰመራል። አንዱ ጎማ ብቻ ሲዞር ዘንጉ የሚዞረው በግማሽ ስለሆነ፣ አንዱ ሰው ጎማውን በእጁ ሁለት ሙሉ ዙር ያዞራል፤ ሌላው ከሥር ተኝቶ የዘንጉን መስመር ይቆጥራል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ ከዚያም ጥቂት አልፎ ይቆማል። የ4.11 መኪና ነው።