ከዴንቨር እስከ ዲሎን ሐይቅ፤ ቤትን አስከትሎ ተራራ ስለ መሻገር

ሰው መንገድ ሲነሣ ቤቱን ዘግቶ፣ ለጎረቤት አደራ ብሎ መሄዱ የተለመደ ነው። በሰሜን አሜሪካ ግን በበጋው ወራት ቤቱን ከኋላው አስከትሎ የሚጓዝ ሰው እጅግ ብዙ ነው። አንዱ አልጋና ምድጃ ያለባትን ባለጎማ ቤት ይጎትታል፤ ሌላው ጀልባውን በሠረገላ ላይ ጭኖ ወደ ሐይቅ ይወስዳል። የሚጎትተውም ዘወትር ታላቅ ካሚዮን አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ፊቱ ለሰው፣ ኋላው ለዕቃ የሆነ፣ በአገራችን ፒካፕ የምንለው መካከለኛ አውቶሞቢል ነው። እኔም በኛ ክረምት፣ በነሱ በጋ በሆነው በሐምሌ ወር፣ በኮሎራዶ ግዛት በዴንቨር ከተማ የሚኖረውን የአክስቴን ልጅ ልጠይቅ ሄጄ ሳለ ይህን የመሰለ ጉዞ ተጓዝሁ። ቤተ ሰቡን ይዞ መንገድ ለሚወጣ ሰው ሁሉ ትምህርት ይሆናል ብዬ ያየሁትን እነሆ ጽፌአለሁ። ዓመታቱን የምጠቅሰው እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር ነው።

የአክስቴ ልጅ ቶዮታ ታኮማ የሚባለውን የ2024 ዓ.ም. ሥራ ፒካፕ በገዛ ጊዜ ሻጩ ያመሰገነለት በጉልበቱ ነበር። በእውነትም ይህ መኪና ለመጎተት ተሰናድቶ የተሠራ እንደ ሆነ እስከ 2,950 ኪሎ ያህል፣ የዚያው ዘመን ፎርድ ሬንጀር ደግሞ እስከ 3,400 ኪሎ ያህል እንዲጎትት ሠሪዎቹ ይፈቅዳሉ። የወንድሜ ተጎታች ቤት ከነዕቃዋ በካሚዮን ሚዛን ላይ ስትመዘን 2,000 ኪሎ ሆነች። ስለዚህ «ጋሼ፣ ገና ወደ ሺህ ኪሎ ይተርፈናል» እያለ ደስ ይለው ነበር። ደስታው ግን ስለ መኪናው ጉልበት ብቻ አልነበረም። እናቱ፣ ማለት አክስቴ፣ ከአገር ከመጡ ሁለት ዓመት ሲሆናቸው ከቤትና ከቤተ ክርስቲያን በቀር ሌላ ስፍራ አላዩም። እርሱም «በጎኔ አስቀምጬ ተራራውን አሳይሻለሁ» ብሎ ቃል ሰጥቷቸው ነበር።

በጉዞው ዋዜማ ማታ ዕቃ ስንጭን በሾፌሩ በር መቃን ላይ የተለጠፈች ትንሽ ወረቀት አየሁ። የሰዎቹና የዕቃው ክብደት በጠቅላላው ከ540 ኪሎ እንዳያልፍ ታስጠነቅቃለች። ከዚህ ላይ አንድ ነገር ማስተዋል ይገባል። ተጎታች ቤት ምንም እንኳ በራሷ ጎማ ብትቆም፣ የክብደቷ ጥቂቱ ሾፌሮቻችን ጋንቾ በሚሉት በመጎተቻው በኩል በመኪናው ጀርባ ላይ ያርፋል። ይህም ከተጎታቿ ክብደት ከመቶ ከ10 እስከ 15 እጅ ሊሆን ያስፈልጋል። ከዚህ ያነሰ እንደ ሆነ ተጎታቿ ትወዛወዛለች፤ የበዛ እንደ ሆነ ደግሞ የመኪናው ኋላ ይወርዳል፣ ፊቱም ስለሚቀል መሪው እንደሚገባ አይታዘዝም። የኛዪቱ ሸክም 240 ኪሎ ነበር።

እርሳስ አንሥተን ደመርን። ወንድሜ 84፣ ባለቤቱ 70፣ አክስቴ 60፣ እኔ 76፣ የዘጠኝ ዓመት ልጁ 35፣ በጠቅላላው 325 ኪሎ። በዚህ ላይ 240 ሲጨመር 565 ሆነ። እንግዲህ አንዲት ሻንጣ ሳትጫን ከልኩ 25 ኪሎ አልፈናል። በመጎተት በኩል ሺህ ኪሎ ያህል የሚተርፈው መኪና በመሸከም በኩል አስቀድሞ ሞልቷል ማለት ነው።

ወንድሜ ፊቱ ተለወጠ። «ታዲያ እናቴን በሌላ መኪና ከኋላ አስከትዬ እኔ ዕቃ ይዤ ልቅደም? ሃያ አምስት ኪሎ ምን ትሆናለች?» አለ። ባለቤቱ ዝም አለች፤ እኔም እንግዳ ስለ ሆንሁ ለመናገር አመነታሁ። አክስቴ ግን የያዙትን ሲኒ አስቀመጡና እንዲህ አሉ፤ «ልጄ፣ በሬ ይስባል፤ በቅሎ ይሸከማል። አንተ ግን ይህን መኪና ባንድ ጊዜ ሁለቱንም ይሥራ ብለኸዋል። አባቴ ጣርማ በርን ሲያልፍ ጭነቱ የከበደ እንደ ሆነ ጭነቱን ያወርድ ነበር እንጂ በቅሎይቱን አይመታም ነበር። እኔን ማውረድ ነውር አይምሰልህ። ከልጅህ እናት ጋር ከኋላ እመጣለሁ፤ ከኋላ ያለ ሰው ሁሉን ያያል።»

ነገሩ በዚህ ተቈረጠ። ሁለቱ ሴቶች በትንሿ የቤት መኪና ሊከተሉ፣ እኔና ወንድሜ ከልጁ ጋር በፒካፑ ልንሄድ ተስማማን። ደግሞም በተጎታቿ ሆድ ያለው 120 ሊትር የሚይዝ የውኃ ጋን ባዶ እንዲሆን አደረግን፤ ውኃ እዚያው ከሰፈሩ ቧንቧ ይሞላልና ተሸክሞት ተራራ መውጣት ከንቱ ድካም ነው።

በማግሥቱ ማለዳ ተነሣን። ዴንቨር ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ላይ ያለች ከተማ ናት። ወደ ምዕራብ የሚሄደው 70ኛው አውራ ጎዳና ከከተማዪቱ ዳርቻ ጀምሮ መውጣት ይጀምራል። ጄነሲ ከሚባለው ስፍራ ሲደርሱ በረዶ የለበሱት ተራሮች ባንድ ጊዜ ከፊት ይገለጣሉ። ልጁም የአሜሪካን ጎሾች በአጥር ውስጥ ሲግጡ አይቶ በደስታ ጮኸ። ከዚያ በኋላ ፍሎይድ ሂል የሚባለው ብርቱ ቍልቍለት መጣ።

በቍልቍለቱ መካከል አንድ ታላቅ ካሚዮን በግራችን ሲያልፍ የነፋሱ ግፊት ተጎታቿን መታት። በመጀመሪያ ጅራቷ ወደ ቀኝ፣ ቀጥሎ ወደ ግራ፣ ቀጥሎም አብልጦ ወደ ቀኝ ተወረወረ፤ ፒካፑም አብሮ ይዋዥቅ ጀመር። ልጁ ዝም ብሎ እጄን ጨብጦ ያዘ። በእንዲህ ያለ ጊዜ ሰው ሁሉ የሚቃጣው ፍሬን መርገጥ ነው፤ ዳሩ ግን ተጎታቿ ከኋላ እየገፋች መኪናውን ታጣጥፈዋለች። ወንድሜ ይህን ያውቅ ስለ ነበረ እግሩን ከነዳጁ ላይ አነሣ፤ መሪውን ቀጥ አድርጎ ያዘ፤ በእጅ የሚታዘዘውን የተጎታቿን የብቻዋን ፍሬን በቀስታ ጨመቀው። እርስዋም ከኋላ በተያዘች ጊዜ ቀጥ አለች። በኮሎራዶ ሕግ 1,360 ኪሎ ገደማና ከዚያ በላይ የሚመዝን ተጎታች የራሱ ፍሬን እንዲኖረው የታዘዘው ያለ ምክንያት አይደለም።

በ1859 ዓ.ም. ወርቅ በተገኘባት በአይዳሆ ስፕሪንግስ ከተማ ቆምን። አክስቴ ከመኪና ወርደው ገና ሰላም ሳይሉን «ጭነቷ ወደ ኋላ አጋድሏል፤ ጅራቷን ስትጥል አይቻለሁ» አሉ። በሩን ከፍተን ብናይ እውነት ሆኖ ተገኘ። የብረት ምድጃው፣ የከሰሉ ከረጢት፣ የልጁ ብስክሌትና ሁለት ጀሪካን ውኃ በሙሉ በስተ ኋላ ተደርድረዋል። ባዶ ያደረግነው ጋን ደግሞ በስተ ፊት ያለ ነበር። ሚዛኑን የወሰድነው ጋኑ ሙሉ ሳለ ነውና፣ ያ 240 ኪሎ ሳናውቀው ቀንሶ ኖሯል። ከጭነቱ ከመቶ 60 እጅ ያህሉ ከጎማዎቹ በፊት እንዲሆን ደንብ ስለ ሆነ ከባዱን ሁሉ ወደ ፊት አዞርነው፤ ጀሪካኖቹንም ደፋናቸው። ወንድሜ ዕቃውን ሲያዛውር ቃል አልተናገረም። ከጨረሰ በኋላ ግን እናቱን ትከሻ ስሞ «እማዬ፣ አንቺ እዚያ ውስጥ ብትኖሪ ኖሮ ማን ይነግረኝ ነበር?» አላቸው።

ከዚያ በኋላ ጆርጅታውን የምትባለውን የጥንት የማዕድን ከተማ አልፈን ወደ አይዘንሃወር ዋሻ ወጣን። ይህ ዋሻ 2.7 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው ሲሆን፣ የምዕራቡ አፉ 3,401 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። የመጀመሪያው መተላለፊያ በ1973፣ ሁለተኛው በ1979 ዓ.ም. ተከፈተ። በዚህ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ ሰው ብቻ ሳይሆን ሞተርም ይደክማል። ተርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ ከመቶ 3 እጅ ያህል ስለሚያጣ፣ ከዋሻው አፍ ሲደርስ አንድ ሦስተኛው ሄዷል ማለት ነው። የወንድሜ መኪና ተርቦ ያለው በመሆኑ ብዙ አልተቸገረም፤ ሆኖም በቀኙ መስመር ከካሚዮኖቹ ጋር በዝግታ ወጣ።

ከዋሻው ወዲያ ያለው ቍልቍለት በ13 ኪሎ ሜትር ያህል ከ600 ሜትር በላይ ይወርዳል። በዚህ ስፍራ ፍሬን እየረገጠ የሚወርድ ሰው ፍሬኑ ግሎ ሊከዳው ይችላል። ፍሬናቸው ለተቃጠለባቸው ካሚዮኖች በመንገዱ ዳር ወደ ላይ የሚወጡ፣ በጠጠር የተሞሉ መሸሻዎች ተሠርተዋል፤ እነርሱን ያየ ሾፌር ምክር አያስፈልገውም። ወንድሜ ገና ከላይ ሳለ ማርሹን አወረደ፤ ሞተሩ ራሱ እየያዘው ወረድን። ፍሬኑንም አልፎ አልፎ ጠበቅ አድርጎ ይረግጥና ፈጥኖ ይለቀው ነበር እንጂ እግሩን በላዩ አላሳደረም።

ከታች ዲሎን ሐይቅ እንደ መስተዋት ተዘርግቶ አገኘነው። ይህ ሐይቅ ሰው የሠራው ነው። ግድቡ በ1963 ዓ.ም. ሲፈጸም በሸለቆው ውስጥ የነበረችው የዲሎን ከተማ ስፍራዋን ለቃ ወደ ላይ ተዛወረች። ውኃውም ከተራሮቹ በታች በተፈለፈለ 37 ኪሎ ሜትር በሚሆን ዋሻ ወደ ዴንቨር ይሄዳል። አክስቴ ይህን በሰሙ ጊዜ «ለካ ሁለት ዓመት ሙሉ ቡና ያፈላሁት በዚህ ውኃ ኖሯል» ብለው እጃቸውን ነከሩበት።

ቤቲቱን በፍሪስኮ አጠገብ ካለው የሰፈር ቦታ አቁመን፣ በጎማዋ ሥር ታኮ አድርገን፣ ጀልባዎች ሲወርዱ ለማየት ሄድን። ጀልባ መጎተት ከቤት መጎተት በአንድ ነገር ይቀልላል። ክብደታቸው እኩል ቢሆን እንኳ ቤቲቱ እንደ ግድግዳ ነፋስን ትጋፈጣለች፤ ጀልባ ግን ዝቅ ያለና አፍንጫው የሾለ ስለ ሆነ ነፋሱ ያልፈዋል። ጭንቁ ውኃው ዳር ሲደርሱ ነው፤ ሠረገላውን በኋላ ማርሽ ወደ ሐይቁ ማውረድ ያስፈልጋልና። አንድ ሽማግሌ ለወንድሜ ልጅ እንዳሳዩት፣ እጅን ከመሪው ግርጌ ይዞ ሠረገላው እንዲሄድ ወደሚፈለግበት ወገን እጅን ማንቀሳቀስ ነው እንጂ ሌላ ጥበብ የለውም። ደግሞም ከረጅም መንገድ የመጣ ሠረገላ ኩሽኔታው እንደ ጋለ ወደ ቀዝቃዛ ውኃ ከገባ ውኃ ይስባል፤ ስለዚህ ጥቂት አሳርፎ ማውረድና ግራሶውን በየጊዜው መመርመር ይገባል።

በሠረገላ የመጣው ጀልባ ሁሉ ውኃ ሳይነካ በፊት ይመረመራል። ምክንያቱም ዜብራ መስል የምትባል ከጥፍር የማትበልጥ ባለዛጎል ፍጥረት በጀልባ ተጣብቃ ከሐይቅ ወደ ሐይቅ ትዛመታለች፤ የውኃ ቧንቧም ትደፍናለች። በጣና ላይ እምቦጭ ያደረገውን ላየ ሰው ይህ ጥንቃቄ የበዛ አይመስለውም።

በሁለተኛው ቀን ጧት ወንድሜ ተጎታቿን ከሰፈሩ ትቶ፣ ባዶውን ፒካፕ አስነሥቶ፣ እናቱን በጎኑ አስቀመጣቸው። ቃል እንደ ሰጠውም በአሮጌው መንገድ 3,655 ሜትር ከፍታ ወዳለው ወደ ሎቭላንድ መተላለፊያ አወጣቸው። በዚያ ጫፍ ላይ የሚወርድ ዝናብ ይለያያል፤ የምሥራቁ ወደ ሚሲሲፒ፣ የምዕራቡ ወደ ኮሎራዶ ወንዝ ይሄዳል። ጣርማ በርም እንዲሁ የዓባይንና የአዋሽን ውኃ የሚለይ ነውና አክስቴ ወዲያው ገባቸው።

እንግዲህ ቤተ ሰቡን ይዞ ተጎታች ለሚያስከትል ሰው ሁሉ ምክሬ አጭር ናት። መኪናህ ምን ያህል ይጎትታል ብለህ ሻጩን ከመጠየቅህ በፊት ምን ያህል ይሸከማል ብለህ የበሩን ወረቀት አንብብ፤ ጭነቱ በተለወጠ ቍጥርም እንደገና መዝን። የተረፈውን ለማውረድም አትፈር።

ወደ ማታ ከመተላለፊያው ሲመለሱ አክስቴን «እንዴት ነበር?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ነጠላቸውን እያስተካከሉ «መኪናው ዛሬ ጭነቱ እኔ ብቻ ነበርሁ፤ እንደ በቅሎ ቀለለው» ብለው ቡናውን ሊያቀራርቡ ገቡ።