ወደ አገር ቤት የመመለስ ሂሳብ

የሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2008 ሲመረቅ ለ60,000 ሰዎች የሥራ ዕድል እንደሚፈጥር ተነግሮ ነበር። ከሲዳማ፣ ከወላይታና ከአጎራባች አካባቢዎች የገጠር ቀበሌዎች ብዙ ወጣት ሴቶች ወደ ከተማዋ መጡ። አብዛኞቹ ከዚያ በፊት የወር ደመወዝ በእጃቸው ገብቶ አያውቅም። ወራት ሳይቆጠሩ ግን ሥራውን እየተዉ መውጣት ጀመሩ። የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን የንግድ ትምህርት ቤት ተመራማሪዎች በ2011 ባወጡት ሪፖርት፣ የፓርኩ ፋብሪካዎች በአማካይ በየ12 ወሩ ሠራተኞቻቸውን በሙሉ በአዲስ ይተኩ እንደነበር አስፍረዋል።

ያኔ በየስብሰባው የሚሰማው ምክንያት አንድ ነበር፦ የገጠር ልጆች የሥራ ባህል የላቸውም፣ ሰዓት ማክበር አልለመዱም። ይህ ፍትሐዊ ፍርድ አይደለም። ጎህ ሳይቀድ ተነስታ ውሃ ቀድታ፣ እንጨት ለቅማ፣ በረት ጠርጋ ትምህርት ቤት ስትሄድ ያደገች ልጅ ሥራ አትፈራም። የሄደችው ሂሳቡ አልገጥም ስላላት ነው።

በዚያው ሪፖርት መሠረት መነሻ ደመወዙ በወር 26 ዶላር ነበር፤ በወቅቱ ምንዛሪ 750 ብር ገደማ መሆኑ ነው። በዓለም ላይ ካሉ ልብስ አምራች አገሮች ሁሉ ዝቅተኛው። በዚህ ገንዘብ ለብቻ ቤት መከራየት ስለማይታሰብ ሦስትና አራት ሆነው አንድ ክፍል ይይዛሉ። ጭቃ ግድግዳ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ፣ ሌሊት የሚዘረጋና ጠዋት ተጠቅልሎ ጥግ የሚቆም ፍራሽ፣ በር ላይ የከሰል ምድጃ፣ ግቢው በሙሉ የሚጋራው አንድ መጸዳጃ ቤት። ማታ ከሥራ የገባችው ሽሮ ትጥዳለች፤ የሌሊት ፈረቃ ያላት ቀድማ በልታ ትወጣለች። የወሩ መጨረሻ ሲቃረብ ከቤተሰብ የሚላክ ቆጮና በቆሎ ይጠበቃል። ደመወዝተኛዋ ልጅ ቤተሰቧን ትረዳለች ተብሎ ነበር የተላከችው፤ አሁን ገበሬው አባቷ ፋብሪካ የምትሠራ ልጁን ይቀልባል። የመመለስ ሐሳብ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፤ ልጅቷ ለእነሱ መድረሷ ቀርቶ ሸክም እየሆነችባቸው መሄዷ ሲገባት።

ነገሩ የሀዋሳ ብቻ አይደለም። ኢኮኖሚስቶቹ ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን ፓርኩ ከመከፈቱ በፊት በኢትዮጵያ አምስት ድርጅቶች ሥራ ለማግኘት ያመለከቱ ወደ 1,000 የሚጠጉ ሰዎችን ተከታትለው ነበር። የአበባ እርሻም፣ የጫማ ፋብሪካም፣ የጨርቃ ጨርቅም ነበረበት። በዕጣ ሥራውን ካገኙት 77 በመቶው ዓመት ሳይሞላቸው ለቀቁ። ገቢያቸው ሥራውን ካላገኙት ብዙም የተሻለ አልነበረም፤ ጤናቸው ግን ተጎድቷል። ለብዙዎቹ ፋብሪካው የተሻለ ነገር እስኪገኝ ድረስ የሚጠጉበት ቦታ ነበር። እንዲህ ያለ ሥራ ትቶ የሄደን ሰው ሰነፍ ማለት እንዴት ይቻላል?

አዲስ አበባ ላይ መልኩ ይለያል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ በየአደባባዩ አካፋ ይዘው የሚቆሙት የቀን ሠራተኞች ቀድሞውንም አንድ እግራቸው አገር ቤት ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ አዝመራ ሲደርስ ብዙዎቹ ይሄዳሉ፤ ግንበኛው ረዳት ፍለጋ ይቸገራል። አጨዳው፣ ውቂያው አልቆ እህሉ ጎተራ ሲገባ ይመለሳሉ። ለእነዚህ ሰዎች ከተማ የሥራ ቦታ እንጂ መኖሪያ አይደለም። ለቅሶ ሲሆን የሚደርስላቸው ዕድር፣ ሲታመሙ የሚያስታምማቸው ዘመድ፣ ልጅ ሲድሩ የሚቆምላቸው ጎረቤት ያለው አገር ቤት ነው። እናት ታመመች የሚል አንድ ስልክ የዓመት ዕቅድ ያፈርሳል።

ከሐምሌ 2016 ወዲህ ደግሞ ሂሳቡ ጠነከረ። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። ዘይቱም፣ ትራንስፖርቱም፣ የቤት ኪራዩም ተከትሎ ወጣ። በከተማ ሁሉም ነገር በገንዘብ ነው፤ ውሃውም፣ ማገዶውም፣ ሌሊቱን ጎን ማሳረፊያውም። ገጠር ድህነት አለ፤ ቢሆንም ጎመኑ ከጓሮ ነው።

ታዲያ ሁሉም ለምን አይመለስም? አንዱ ማሰሪያ እፍረት ነው። ከተማ የከረመ ሰው ባዶ እጁን አይገባም፤ ለእናት ነጠላ፣ ለአባት ጋቢ፣ ለታናናሾች ልብስ ይጠበቅበታል። ይህን ማሟላት ያቃተው ስንቱ ነው መስቀል አልፎ ገና፣ ገና አልፎ ፋሲካ እያለ የሚያራዝመው። ቤተሰቡ ግን ብዙ ጊዜ ልጁን ራሱን ነው የናፈቀው፤ ይህን በግልጽ የሚነግረው ሰው ቢኖር ጥሩ ነበር።

ሌላው መሬት ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም፤ ገበሬው ያለው የመጠቀም መብት ነው። ርቆ የቆየ ሰው ደግሞ ያንንም ሊያጣ ይችላል። በትግራይ ከሁለት ዓመት በላይ ከአካባቢው የራቀ ባለይዞታ መሬቱን ሊነጠቅ የሚችልበት ደንብ ነበር። ስለዚህ መሬት ያለው ቶሎ ይመለሳል፤ ከአባቱ ጥማድ የማትሞላ ማሳ ለአራት ወንድማማች የምትደርሰው ወጣት ግን ወዴት ይመለስ? በአማራ ክልል ከ2015 ወዲህ በቀጠለው ግጭት ደግሞ መሄድ እየፈለገ መንገዱን ፈርቶ የቀረ ብዙ ነው።

ሳይወስኑ የተመለሱም አሉ። በሀዋሳ ፓርክ ከቀዳሚዎቹ አንዱ የነበረው የአሜሪካ የልብስ ኩባንያ ፒቪኤች በኅዳር 2014 ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታወቀ፤ በቀጣዩ ወር ኢትዮጵያ ወደ አሜሪካ ገበያ ከሚያስገባው የአጎዋ የቀረጥ ነፃ ዕድል ወጣች። መጀመሪያ የተጎዱት ያለ ቁጠባ የሚኖሩት ባለ መነሻ ደመወዝ ሴቶች ናቸው።

ብዙ ያልተወራለት ጉዳት ሌላ ነው። በፋብሪካ መስመር ላይ አንዷ ኮሌታ ብቻ፣ ሌላዋ እጅጌ ብቻ ትሰፋለች። ዓመት ሙሉ በሺህ የሚቆጠር ኮሌታ የሰፋች ልጅ ቤቷ ስትገባ አንድ ሙሉ ቀሚስ ቆርጣ መስፋት ላትችል ትችላለች። የወረዳ ከተማ ገበያ የሚፈልገው ደግሞ ይህንኑ ሙያ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዝቅተኛ ደመወዝ የሚወስን ቦርድ እንዲቋቋም ይላል፤ የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽኑም ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል እንዲወሰን ሲወተውት ቆይቷል። ትክክል ነው፣ ደመወዙ ይቅደም። ከደመወዙ ጋር ግን ፋብሪካዎቹ ሠራተኛቸውን ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው እያዘዋወሩ ሙሉውን ስፌት ቢያስተምሯት፣ መቆየት የፈለገችው ደረጃዋ ያድጋል፤ መሄድ የፈለገችውም በወረዳዋ ከተማ አንድ የልብስ ስፌት መኪና ተከራይታ ሥራ ትጀምራለች።