አንቶኖቭ ያራዘመው ስለት

አባቴ ስለቱን የተሳለው በ1977 ዓ.ም. ነው። ያኔ ላሊበላ ሩቅ አልነበረም፤ ላስታ ውስጥ ካለችው መንደሩ ማልዶ የተነሣ ሰው ለማታ ደጁ ይደርሳል። ታላቅ እኅቴ በእናቴ ጀርባ ላይ ሆና ማልቀስ እንኳ ሲያቅታት፣ «ይችን ልጅ ብትተውልኝ በእግሬ መጥቼ እሳለምሃለሁ» አለ። እኅቴ ተረፈች። ግን ስለቱን ሳያደርስ፣ ረሃቡ ባስገባቸው መጠለያ ውስጥ ስማቸው ለሠፈራ ተጠራ። መጀመሪያ አውቶቡስ፣ ቀጥሎ አንቶኖቭ ላይ ጫኗቸው፤ የአውሮፕላኑ በር ሲከፈት የተቀበላቸው የጋምቤላ ወበቅ ነው። መንግሥት በዚያ ዓመትና በተከታዩ ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ሲያጓጉዝ የአባቴ ስለትም አብሮ ተጓጓዘ። የአንድ ቀኑ መንገድ 1,400 ኪሎ ሜትር ገደማ ሆነ።

ይህን የነገርኩት ሰው ሁሉ «በአውሮፕላን የወሰዱት ሰው በመኪና ቢመለስ ማን ይቀየመዋል?» ይለኛል። እኔም ለራሱ ለአባቴ ብዬዋለሁ። «በእግሬ ነው ያልኩት» አለኝ፤ ሌላ አልጨመረም።

በደርግ ጊዜ የሠፈራ ጣቢያን ጥሎ መሄድ አይቻልም ነበር። በ1983 ደርግ ሲወድቅ ደግሞ ብዙ ሠፋሪ ነፍሱን ይዞ ወደ አገሩ ተመለሰ፤ እኛ መንደር ውስጥ ባዶ ጎጆ በዛ። አባቴ ግን እናቴ እኔን ልትወልድ ቀኗ ደርሶ ስለነበር ቀረ። ከዚያ እርሻው መጣ፣ ከዚያ የእኛ ትምህርት። እኔ አናጢነት ተምሬ ጋምቤላ ከተማ ሥራ ቤት ከፈትኩ። በ2006 መስከረም መንደራችን ካለበት ከአቦቦ መጥቶ መጋዝ ላይ ቆሜ አገኘኝና «አሁን የማሳድገው የለም፤ እሄዳለሁ» አለኝ። እኔ በስለት እምብዛም የማምን ሰው አይደለሁም። ስድሳ ዓመት የሞላውን አባቴን ግን ብቻውን አለቀውም።

የተነሣነው መስቀል እንዳለፈ ነው። ታኅሣሥ 29 ለመድረስ ከዚያ መዘግየት አይቻልም፤ ላሊበላ ላይ ያ ቀን የጌታ ብቻ ሳይሆን የንጉሥ ላሊበላም ልደት ነው። ስንቃችን በሶ፣ ቆሎ፣ ጨውና በርበሬ፤ አባቴ እንደ ወትሮው በረባሶ አጥልቋል። ሊሸኘን ከወጣው ሰው መሐል አንድ አኙዋክ ወዳጁ ነበር። አባቴ አዲስ ሠፋሪ ሳለ ዓሣ ማጥመድና ወንዝ ዳር በቆሎ መዝራት ያስተማረው እሱ ነው።

«አምላክህ እዚህ አያይህም እንዴ?» አለው።

«ያየኛል። የተዋዋልነው ግን እዚያ ነው።»

ሰውየው ጥቂት አሰበበትና፣ «ውል ከሆነ ሂድ» ብሎ የራሱን ዱላ ሰጠው።

ከአቦቦ ጋምቤላ ወደ 40 ኪሎ ሜትር የሚሆን ሜዳ ነው። ግራና ቀኙ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ሣር፣ ነፋስ የሚባል የለም። ከተማውን አልፎ እስከ ቦንጋ ድረስም ያው ነው፤ የካፋዋን ቦንጋ አይደለም የምለው፣ የእኛዋን ነው። ከእሷ በኋላ መንገዱ ወደ ቡሬ ሽቅብ ይነሣል። ጋምቤላ 500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተኝታለች፤ ጎሬ ወደ 2,000 ትጠጋለች። አየሩ በየኩርባው ሲቀዘቅዝ በላብ የራሰ ሸሚዝ ጀርባ ላይ ይሰማል። የነጋዴ በቅሎ በዚህ አቅጣጫ ስንት ዘመን ተመላልሳበታለች! ዐፄ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1902 እንግሊዞች ባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ እንዲኖራቸው ከተስማሙ በኋላ የኢሉባቦር ቡና በዚህ በኩል ወርዶ፣ ክረምት ወንዙ ሲሞላ በእንፋሎት መርከብ ወደ ካርቱም ይጫን ነበር።

ቡሬ ሳንደርስ ቁልቁል የሚወርድ አይሱዙ ኩርባውን ሰፋ አድርጎ መጣ። አባቴ ገለል ሲል ግራ እግሩ ከመንገዱ ጠርዝ ወደ ውኃ መውረጃው ቦይ ገባ። ድምፁን ሰማሁት፤ ደረቅ እንጨት በጉልበት ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ነው፣ እንጨት ደግሞ ሥራዬ ነው። በረባሶውን ስፈታ ቁርጭምጭሚቱ ዓይኔ እያየ አበጠ። ሾፌሩ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ቆሞ ረድቶኝ አባቴን በሽንኩርት ጆንያ ላይ አስተኛነው። ቦታውን ግን ልብ ብዬ አየሁት፦ አንድ ትንሽ ድልድይ፣ ከጎኑ ቅርንጫፉን በመንገዱ ላይ የዘረጋ ዋርካ።

በስንት ላብ የወጣነውን ዳገት መኪናው ለወሬ እንኳ ሳይበቃ አወረደው። አባቴ አንድም ጊዜ አላቃሰተም። ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ የሚሸሸውን መንገድ ሲያይ ቆየና፣ «ተመለሰብኝ» አለ።

መጀመሪያ ወጌሻ አየው፤ አሽቶ በቀርከሃ ስንጣሪ አሰረው። እብጠቱ አልጎድል ሲል ራጅ አስነሣሁት። አጥንቱ ተሰንጥቋል ተባለና እስከ ጉልበቱ ጄሶ ሆነ። ጄሶ ጋምቤላ ውስጥ ምን እንደሚመስል ያላየ አያውቀውም። ላቡ ከሥር ይጠራቀማል፣ ያሳክካል፣ ይሸታል፤ አባቴ የማሽላ አገዳ ጫፉን አቅጥኖ በጄሶውና በቆዳው መሐል እየሰደደ ያክ ነበር። ክራንቹን እኔው ሠራሁለት። ለብብቱ ጨርቅ ጠቀለልኩበት፣ ለእግሩ ከአሮጌ የመኪና ጎማ ቆርጬ በምስማር መታሁበት። ከሠራሁት ዕቃ ሁሉ ብዙ ሰው ያየልኝ ያ ክራንች ነው፤ ሁለት ሰው አይቶት አዘዘኝ።

የንስሐ አባቱ ሊጠይቁት መጡ። ስለቱን ወደ ቅርብ ደብር ማዛወር እንደሚቻል፣ የመንገዱን ወጪ እዚሁ ለቤተ ክርስቲያን ቢሰጥ እንደሚፈቱት በደንብ አስረዱት። እኔ ከጀርባቸው ሆኜ ራሴን በአዎንታ እየነቀነቅኩ ነበር።

«አባቴ፣ ልጅቷን የሰጠኝ በሙሉዋ ነው፤ ቀንሶ አልሰጠኝም» አላቸው። ቄሱ ፈገግ ብለው ቡናቸውን ጠጡ።

በዚያው ታኅሣሥ ደቡብ ሱዳን ውስጥ ጦርነት ተነሣ። በፓጋክና በሌሎች የድንበር በሮች የሚገባው ሕዝብ ከወር ወር እየበዛ ሄዶ በአንድ ዓመት ውስጥ ከ150,000 በላይ ሆነ። አብዛኛው ወደ መጠለያ ጣቢያዎቹ ተወሰደ፤ ዘመድ ያለው ግን ኒው ላንድ ሰፈር ድረስ ይመጣ ነበር። አባቴ ክራንቹን ተደግፎ መንገድ ዳር ቆሞ የሚያየው እግራቸውን ነው። በሲባጎ የታሰረ የላስቲክ ጫማ፣ የተሰነጠቀ ተረከዝ፣ አቧራው እስከ ጉልበት። አንድ ቀን የተረፈንን የበሶ ከረጢት ይዞ ወጥቶ አንድ ልጅ አዝላ ሌላውን በእጇ ለያዘች ሴት ሰጣት። ዱቄቱን አሽትታ ግራ ገባት። ጣሳ አስመጣ፣ ውኃ ጠብ አደረገበት፣ ጨው ነሰነሰ፣ በሦስት ጣቱ አሽቶ አድቦልቡሎ መጀመሪያ ራሱ በላ፤ ከዚያ አንዱን ልጅ አጎረሰው። ቤት ሲመለስ «እኛን መጠለያ ውስጥ እንዲህ ቆመው ያዩን ነበር» አለ። ሌላ ጊዜ ስለ ሰባ ሰባት አያወራም፤ ያን ማታ ብዙ አወራ።

ጄሶው ከተፈታ በኋላ እግሩ ቀጥኖ ነበር። በጋው ገና አላለቀም፤ ቀን ቀን ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ስለዚህ ጎሕ ሲቀድ ይነሣና የባሮን ድልድይ ይሻገራል፣ ይመለሳል። ወንዙ ጎድሎ አሸዋው ሲገለጥ ደግሞ ባዶ እግሩን አሸዋ ላይ መሄድ ጀመረ፤ ቁርጭምጭሚት የሚያጠነክረው እሱ ነው ብሎ የነገረው አንድ ዓሣ አጥማጅ ነው። ሲደክመው በድሮው ወደብ በኩል ይቀመጣል። ልብስ አጣቢዎቹ ሴቶች ከርቀት ሲያዩት «ላሊበላ መጣ!» እያሉ ይቀልዱበት ጀመር። እሱ ደስ ይለዋል።

ክረምቱ ሲወጣ አንድ ጥያቄ ቀረ፤ ከየት ነው የምንነሣው? እኔ ከአቦቦ እንደ አዲስ ይጀምራል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ የሰውየውን ጠባይ አውቃለሁና። እሱ ግን ጄሶ ውስጥ ሆኖ ሁሉንም አስቦ ጨርሷል።

«የሄድኩትን ማን ወሰደብኝ? መኪና ነው ያወረደኝ። መኪና ይመልሰኝ።»

ከቄሱ ይልቅ ዳኛ ቢሰማው የሚፈርድለት ይመስለኛል። ለአባቴ ስለት ማለት የርምጃ ዕዳ ነው፤ የከፈለው ተከፍሏል፣ የቀረው ቀርቷል፣ ወለድ የለበትም።

በ2007 ጥቅምት መጀመሪያ ወደ መቱ በሚሄድ አውቶቡስ ተሳፈርን። ከቦንጋ በላይ፣ ዋርካው ሲታየኝ፣ «ወራጅ አለ!» አልኩ። ረዳቱ ቀልድ መሰለው። ዙሪያው ጫካ ነው፤ ቤት የለም፣ መንደር የለም።

«አባባ፣ እዚህ ምን ሊሠሩ ነው የሚወርዱት?» አለ።

«ቀጠሮ አለኝ» አለ አባቴ።

ተሳፋሪው ሁሉ በመስኮት አየን። አንዲት እናት ብርቱካን አቀበለችን። አውቶቡሱ ኩርባውን ዞሮ ከጠፋ በኋላ አባቴ ቦዩን በዱላው ለካ፣ ጥልቀቱን አየ፣ «ለዚች!» ብሎ ናቀው። ከዚያ ወደ መንገዱ ወጥቶ አማተበና የተሰበረውን ግራ እግሩን አስቀድሞ ተራመደ።

የተከተለውን ሁሉ ልተርክ ብል አያልቅም፤ መንገድ ደግሞ ሲሄዱት እንጂ ሲያወሩት ይሰለቻል። በጎሬና በመቱ በኩል ስናልፍ ቡና የሚለቀምበት ጊዜ ነበር፤ የያዮ ጫካ ውስጥ ቀይ እሸቱ ከጥላው ሥር ያበራል፤ በየደጁ አልጋ ላይ የተሰጣውን ሲገለብጡ የነበሩ ሰዎች እየጠሩ ቡና ያጠጡን ነበር። አባቴ ከኦሮምኛ የሚያውቀው የሰላምታውን ብቻ ነው፤ በእሱ ብቻ ኢሉባቦርን ተሻገረ። አዲስ አበባን አላያትም ማለት ይቻላል፤ አንገቱን ደፍቶ አለፋት። የደጋ ልጅ የነበረው ሰው ጣርማ በር ላይ ብርድ ሊገድለው ደረሰ፤ ሠላሳ ዓመት የጋምቤላ ሙቀት ቆላ ሰው አድርጎታል። ወሎ ከገባን በኋላ ማደሪያ አልቸገረንም። «የመሸብን መንገደኞች ነን» ስንል ያስገቡን ብዙዎቹ ሙስሊሞች ናቸው። የጾም ምግብ ለይተው አቀረቡልን፤ አንዱ አባወራ ለእሱም ዱዓ እንዲያደርስለት አባቴን አደራ አለው። አባቴም አደራውን ተቀበለ።

እግሩ ያስቸገረው ከወልዲያ በኋላ፣ ድልብን ይዘን ስንወጣ ነው። ቁርጭምጭሚቱ እንደገና አበጠ። እኔ መኪና ማየት ጀመርኩ፤ እሱ እኔን ማየት ጀመረ። ነጠላውን ቀዶ ጥፍር አድርጎ አሰረውና የአኙዋኩን ዱላ ወደ ግራው ቀይሮ ቀጠለ። ከዚያ ወዲያ ብቻችንን አልነበርንም። ነጭ የለበሰ ሰው ከየአቅጣጫው ይገባል፤ ከጎጃም፣ ከጎንደር፣ ከትግራይ። ዓይነ ስውር በልጅ እየተመራ፣ አሮጊት በበቅሎ። «ከየት ነው?» ሲሉን «ከጋምቤላ» እንላለን። የሚያምነን ግን ጥቂት ነው።

ላሊበላ መግቢያ ላይ የከተማው ሰዎች ውኃ አሙቀው የተሳላሚ እግር ያጥባሉ። አባቴን ያጠበችው በእኔ ዕድሜ ያለች ሴት ነች። ግራ እግሩ ላይ ስትደርስ የአጥንቱን እብጠት በአውራ ጣቷ ዳበሰችና ቀና ብላ አየችው።

«ምን ነካዎት አባባ?»

«ዓመት አስቆየኝ» አላት። እሷም ሌላ አልጠየቀችም፤ ቀኙን ወደ ሳፋው ሳበችው።

በማግስቱ ማሜ ጋራ ላይ የልደቱ ዝማሬ ቤዛ ኩሉ ሲወረብ የቆምነው ከላይ ነው። ከታች በቤተ ማርያም ቅጥር ያሉት ካህናት ከላይ ካሉት ጋር እየተቀባበሉ ያሸበሽባሉ። ሕዝቡ እየገፋ ወደ ገደሉ ጠርዝ ሲያስጠጋን እኔ የማስበው ስለ አባቴ ግራ እግር ብቻ ነበር። እሱ ግን እኅቴን በስሟ እየጠራ፣ እንደ ደረሰኝ የሚያስፈርም ሰው፣ «ይኸው፣ ይኸው» ይል ነበር። የወሎውን ሙስሊም ስምም ሰማሁት።

ከበዓሉ በኋላ መንደሩ ሄድን። የቀሩት ዘመዶቹ አለቀሱ፣ ጠላ ጠመቁ፣ መሬት እንስጥህና እዚሁ ቅር አሉት። ሁሉንም አመሰገናቸው። ማንጎው የሚደርስበት ጊዜ እየቀረበ እንደሆነ፣ ዝንጀሮ የሚጠብቅለት እንደሌለ ነገራቸው። ወደ መንገድ ስንወጣ ዱላውን አንሥቶ ሲቆም ልቤ ቀጥ አለ።

«አባዬ፣ መመለሻውስ?»

«ለመመለሻ አልተሳልኩም» አለ። «ትኬት ቁረጥ።»