ዝናብ ሳይቀድመን

ትምህርት ቤትና ደመና ተማክረው የሚሠሩ ይመስለኛል። ሰኔ ላይ ልጆች የመጨረሻ ፈተናቸውን ጨርሰው ቦርሳቸውን ጥግ ሲወረውሩ ባሕር ዳር ላይ ሰማዩ ሥራ ይጀምራል። ሐምሌንና ነሐሴን ሲያወርደው ይከርማል። ልጆቹ ደብተር ሸፍነው ትምህርት ቤት በር ላይ ሲሰለፉ ደግሞ ሰማዩ ይጠራል፣ አደይ ይፈነዳል፣ ጣና ይረጋል። የጉብኝት መጻሕፍት ከተማችንን ለማየት ጥሩው ጊዜ ከመስከረም ወዲያ ነው ብለው ይመክራሉ። ትክክል ናቸው፤ ምክራቸው ግን ልጅ ለሌለው ሰው ነው።

እኛ ያለን ክረምት ነው። በክረምት ልጅ ይዞ ውሎ መግባት ደግሞ ከቦታ ይልቅ ሰዓት መምረጥ ነው። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ጎሕ ሲቀድ ያባራ እንደሆነ ያ ቀን የእኛ ነው። ከጠዋቱ 1 ሰዓት የወጣ ሰው እስከ 7 ሰዓት ድረስ ብዙ ያያል። ከዚያ በኋላ ደመናው ይሰበሰባል፣ መብረቅ ይጀምራል፣ ማንም አይከራከርም። የሚከራከረው የክረምት ትምህርት የሚባለው ነገር ነው። ሒሳብና እንግሊዝኛ ያጠናክራል ተብሎ ደረቁን ጠዋት ወስዶ እርጥቡን ከሰዓት ይመልስልናል። በእኔ ቤት ሒሳቡ ከሳምንቱ ሁለት ጠዋት ተነፍጓል። ሒሳቡ እስካሁን አልተቀየመም።

ከሰማዩ በፊት ግን የሚጠየቅ አለ፤ መንገዱ። ክልሉ በ2015 ክረምት ወደ ግጭት ከገባ ወዲህ ከከተማ መውጣት እንደ ድሮው ቁርስ በልቶ የመነሣት ነገር አይደለም። ሹፌሩ ማታ ይደወልለታል፣ ጠዋት ይደገምለታል። «ዛሬ ደኅና ነው» ካለ ይወጣል። «እስቲ ቆዩ» ካለ ማንም ለምን አይለውም፣ ልጆቹም ሳይቀሩ። ያን ቀን ወደ አዲሱ የዓባይ ድልድይ በእግር እንሄዳለን። ግንቦት 2016 የተመረቀ፣ 380 ሜትር የሚረዝም ድልድይ ነው፤ ከላዩ ሆኖ ወንዙ ከሐይቁ ወጥቶ ሲሄድ ማየት ለአንድ ጠዋት አያንስም። ጉማሬ ብቅ ካለማ ቀኑ ሞላ።

መንገዱም ሰማዩም እሺ ሲሉ መጀመሪያ ጀልባ ነው። ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የተንጣለለ ቢሆንም ጥልቅ የሚባለው ቦታው እንኳ 15 ሜትር ቢሆን ነው። እንዲህ ሰፊና ጥልቀት የሌለውን ውሃ ነፋስ በቶሎ ያስነሣዋል፤ ነፋሱ ደግሞ ከሰዓት ይወዳል። ዕድሜ ልካቸውን ውሃው ላይ የኖሩ አንድ ባለ ጀልባ ይህን ሁሉ ሳያብራሩ ነገሩኝ። «እታለም፣ ጠዋት ጣና ይሰማናል። ከሰዓት ግን እሱ ተናጋሪ፣ እኛ ሰሚ።» ከእሳቸው ጋር የማይሞከረው ክርክር ላይፍ ጃኬቱ ላይ ነው። የሁሉም ልክ የአዋቂ ነው፤ ትንሿ ልጄ ስትለብሰው የሚታየው ዓይኗ ብቻ ነው። ገመዱን ዞር አድርጌ ወገቧ ላይ አስሬላት እንሳፈራለን።

ቅርቡ ደብረ ማርያም ነው፤ ዓባይ ከሐይቁ በሚለይበት አፍ አጠገብ ያለች ደሴት። እዚያ ድረስ ልጆቹን የሚይዛቸው ገዳሙ ሳይሆን ታንኳው ነው። ከደንገል የተሠራ ታንኳ ማገዶ ተጭኖበት፣ አንድ ሰው በቀዘፋ ብቻ እየነዳው ሲያልፍ ውሃው በደንገሉ መሐል ገብቶ ይወጣል፤ ታንኳው ግን አይሰጥምም። የእኛን የሞተር ጀልባ የሚያሰጥም ቀዳዳ እሱን ለምን አያሰጥመውም? ደንገሉ ራሱ ተንሳፋፊ ስለሆነ ነው። ውሃውን እየጠጣ ይከብዳል፣ ዳር ወጥቶ ፀሐይ ይሞቃል፣ ከወራት በኋላ ይበሰብስና ሌላ ይታሰራል። የነገደ ወይጦ ሰዎች ይህን ጥበብ ከአባት ለልጅ ሲያወርዱት ኖረዋል። ትልቁ ልጄ ከሳይንስ መጽሐፉ ያላገኘውን እዚያ አገኘ ብል ማጋነን አይሆንም።

የክብራን ገብርኤል ገዳም በዕቅዳችን ውስጥ የለም። ሴት አይገባበትም። ትንሿን ልጄን ወንድሟ እኔ ገብቼ የብራና መጻሕፍቱን አይቼ እነግርሻለሁ ብሎ ሊያጽናናት ሞክሮ ነበር፤ ነገሩን አባሰው። የገዳሙ ሥርዓት የገዳሙ ነው፣ አልነካውም። የቤተሰብ ጉዞ ግን ግማሹን ቤተሰብ ጀልባ ላይ ትቶ የሚወርድ ከሆነ ሌላ ስም ይፈለግለት። ጎረቤቱ እንጦስ ኢየሱስ ሁላችንንም ይቀበላል፤ እዚያ እንወርዳለን።

ዘጌ ግን ሙሉ ጠዋት ይፈልጋል። ማረሻ ያልገባበት፣ ሕዝቡ በቡናና በጌሾ የሚኖርበት ጫካ ነው። ከወደቡ እስከ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ያለው መንገድ በክረምት ያንሸራትታል፣ ጦጣ ከላይ ሆኖ ሙዝ ይጠብቃል። ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ካሉት ሥዕሎች ልጆቼ የሚቆሙት በላየ ሰብ ፊት ነው። ሰባ ስምንት ነፍስ የበላ ሰው፣ በእመቤታችን ስም ለአንድ ለምጻም በሰጠው ጥርኝ ውሃ ዳነ። ትልቁ ወዲያው ወደ ሚዛኑ ይገባል፤ ሰባ ስምንት ሰውና አንድ ጥርኝ ውሃ እንዴት ይመዛዘናል? ታናሽየዋ ሚዛኑ አያሳስባትም፤ የምትጠይቀው ሰውዬው ከዚያ በኋላ ምን እየበላ እንደኖረ ነው። መሪጌታው ሁለቱንም ሰምተው ለትንሿ ብቻ መለሱ፤ «ጎመን።» ጾም ስለነበር ለሁላችንም የሚስማማ መልስ ነበር።

ጾሙም ከዕቅዱ አንዱ ነው። ፍልሰታ ነሐሴ 1 ይገባል፤ በኛ አገር ሕፃናት ሳይቀሩ የሚጾሙት ጾም ነው። ስለዚህ በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ረጅም ጉዞ አላወጣም፤ የምሳ ሰሐን ከፍቶ እስከ 9 ሰዓት ጠብቁ ማለት ጭካኔ ነው። ዓሣ ይጾማል አይጾምም የሚለው ክርክር ደግሞ በየቤቱ ለየብቻ የሚፈታ ነው። በእናቴ ቤት ቀረሶ ይበላል፣ በባለቤቴ እናት ቤት አይበላም፤ ልጆቹ የማን ቤት መዋል እንደሚሻላቸው ገና ድሮ አውቀዋል።

ሐይቁ ውስጥ አይዋኙም። በዚህ አልደራደርም። ቢልሃርዚያ በዘጌም በከተማውም ዳር አለ፤ ሳይታይ በቆዳ የሚገባ ነገር ነው። የውሃ ዳር ልጆች ሆነው ዋና የሚማሩት የሆቴል ገንዳ ውስጥ መሆኑ ያሳፍረኛል፤ ቢሆንም ገንዳው ይሁን። ሐምሌ ላይ ከአሜሪካ የሚመጡት የአክስታቸው ልጆች ይህን ለመረዳት ይቸገራሉ። የእነሱ ዕረፍት የፀሐይ ነውና መነጽርና የዋና ልብስ ይዘው ይመጡና ሳምንቱን በእኔ ሹራብ ይከርማሉ። ከከተማ ርቀው ያሉት ሌሎቹ መዳረሻዎች፣ ወረታን አልፎ ያለው አውራምባ፣ የዋንዛዬ ፍል ውሃ፣ እነዚህ ሁሉ ፎገራ ሜዳ ሲደርቅ ይሁኑ፤ ለአሁኑ ይዝለሏቸው።

ጢስ ዓባይን ግን ለበጋ የሚያስቀምጥ ሰው አልገባውም። ከ40 ሜትር በላይ የሚወርደው ፏፏቴ በበጋ ብዙ ጊዜ በቀጭኑ የሚወርድ ውሃ ነው፤ ከበላዩ ወንዙ ወደ ኃይል ማመንጫ ይሄዳል። የመጀመሪያው ማመንጫ እ.ኤ.አ. በ1964፣ ሁለተኛው በ2001 ሥራ ጀምረዋል፤ በ2010 የተመረቀው የበለስ ማመንጫ ደግሞ የሐይቁን ውሃ በሌላ አቅጣጫ በዋሻ ይወስዳል። ቤታችን ያለው መብራት ከዚያ የመጣ ስለሆነ ወቃሽ አይደለሁም። ነገር ግን ልጅ «ጢሱ የታለ?» ብሎ የሚጠይቅበት ፏፏቴ ለማየት 30 ኪሎ ሜትር አልሄድም። ነሐሴ ማለቂያ ላይ ሐይቁ ሲሞላ፣ ገደሉ ከዳር እስከ ዳር በቡናማ ውሃ ሲሸፈን፣ ያኔ ነው። ጭቃው የመግቢያ ዋጋው ነው።

ወደ ዓላታ ድልድይ፣ ወደዚያ የ17ኛው ክፍለ ዘመን የድንጋይ ድልድይ፣ በሚወርደው ቁልቁለት የአካባቢው ልጆች ዱላ ያከራያሉ፣ እጅ ይዘው ያሳልፋሉ። የእኔ እኩዮች የሚሆኑ ልጆች ናቸው፤ የልጆቼ ማለቴ ነው። ለእነሱ ክረምት ዕረፍት አይደለም። አረም ይታረማል፣ ከብት ይጠበቃል፣ በመሐሉ ቱሪስት ሲገኝ ቱሪስት ይደገፋል። ትልቁን ልጄን የደገፈው ልጅ ስንተኛ ክፍል እንደሆነ ሲጠየቅ አምስተኛ አለ፤ የእኔውም አምስተኛ ነው። ድልድዩ ላይ ቆመው ሒሳብ መምህራቸውን ማማት ጀመሩ፤ ሁለት ትምህርት ቤት፣ አንድ ዓይነት መምህር። ፏፏቴው ጋ ስንደርስ ከላይ የሚበትነው ጤዛ ሁላችንንም እኩል አራሰን፤ ጃንጥላ የያዝኩት እኔ ብቻ ሞኝ ሆኜ ቀረሁ።

የሚቀረው የጳጉሜን 3 ጉዞ ነው፤ ከደጃፍ እስከ ግቢው መሐል። የሩፋኤል ዕለት የሚዘንበው ዝናብ ጠበል ነው ይባላልና ልጆቹ ልብሳቸውን ጥለው ይወጣሉ። ለዚህ ሹፌር አይደወልም፣ ሰዓት አይመረጥም። እናቴ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ደመናውን ትከታተላለች፤ እስከ 10 ሰዓት ካልዘነበ ትቆጣለች፣ በማን እንደምትቆጣ ግን አትናገርም። ባለፈው ዓመት አመሻሽ ላይ ነው የመጣው። ጎረቤቶቻችን ልጆቻቸውን ይዘው ወደ እኛ ግቢ ገቡ፤ የእነሱ ሲሚንቶ ነው፣ የእኛ ሣር። ቡና ተፈልቶ ነበር፣ ሁለተኛው ሲቀዳ ትንሿ በጭቃ እግሯ ረከቦቱን አልፋ ገብታ ነገ የት እንደምንሄድ ጠየቀች። ነገ ዩኒፎርም ልንለካ ነው አልኳት።