ኤርቱግሩልን አየን፤ ነጃሺንስ?

ከመግሪብ በኋላ ከኮልፌ ልጆች ጋር መስጂድ በር ላይ ስንቆም የምናወራው ስለ ኪታብ ብቻ አይደለም፤ ስለ ፊልምም ነው። እኛም አይተናልና የመሰለንን እንበል።

ከ“ኤርቱግሩል” ምርጡ የሞንጎሉ ኖያን የገባበት ሁለተኛው ሲዝን ነው። ኋላ ላይ ግን አንዱ ከሃዲ ሲጋለጥ ሌላው ይተካል፤ የቱርጉት መጥረቢያ ባይኖር እናቋርጠው ነበር!

ከሁሉም የምናስበልጠው የሙስጠፋ አል-ዐቃድን “አር-ሪሳላ” ነው። በ1976 (እ.ኤ.አ.) የወጣ፣ በዐረብኛና በእንግሊዝኛ በተለያዩ ተዋንያን የተቀረጸ ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በምስልም በድምፅም አይቀርቡበትም። ጃዕፈር (ረ.ዐ) ነጃሺ ፊት ሲናገር ስናይ፣ ያ ችሎት የሀገራችን መሆኑ ሆድ ያባባል። ፊልሙ የተቀረጸው ግን ሞሮኮና ሊቢያ ነው፤ በእንግሊዝኛው ነጃሺን የተጫወተውም የቤርሙዳ ተወላጁ ኧርል ካሜሮን ነው። አሳምሮ ሠርቶታል፤ ምን ያደርጋል፣ ትዕይንቱ ቶሎ ያልቃል።

ሙሃጂሮቹ እኮ እዚህ ዓመታት ኖረዋል። ምን በሉ? ጎረቤታቸው ማን ነበር? ቋንቋውንስ እንዴት ለመዱ? የኡሙ ሐቢባ (ረ.ዐ) ኒካሕ የታሰረው እዚሁ ሳለች ነው። ይህ ብቻውን አንድ ሲዝን ይወጣዋል። ከእናንተ ስክሪፕት የሚሞክር ካለ ከዒሻ በኋላ ይምጣ፤ ሲራውን አብረን እንቀራለን።